ጥንዶች በሐረርና በድሬዳዋ፦ ጉዞንና የዕለት ኑሮን በፎቶ ስለማስቀረት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐረርንና ድሬዳዋን አብረው ሊያዩ የሚመጡ፣ ወይም እዚያው እየኖሩ የጋራ ሕይወታቸውን በፎቶ ማስቀመጥ የሚፈልጉ ጥንዶች በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ሰዓቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሁልጊዜ አንዳችን ከካሜራው ጀርባ ነን። ሁለታችንም የምንታይበት ፎቶ እንዴት ይገኛል?

ከሁሉም ጥያቄ የሚቀድመው ይህ ነው። የብዙ ጥንዶች አልበም ሲገለጥ አንዷ በየቦታው አለች፤ አንደኛው ግን ጭራሽ ያልተጓዘ ይመስላል። ሰልፊ ችግሩን አይፈታም። ስልኩ ከፊት የሚርቀው በክንድ ልክ ስለሆነ አፍንጫና ግንባር ይገዝፋሉ፤ ከኋላ ያለው በርና ሰፈርም ይሸፈናል።

የሚሻለው ስልኩን አንድ ቦታ አቁሞ ታይመር መጠቀም ነው። ጀጎል ውስጥ ትልቅ ትራይፖድ አትዘርጉ፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ዕቃ የተሸከመ ሰውና አህያ ይዘጋባቸዋል። 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ተጣጣፊ ትራይፖድ በደረጃ ወይም በድንጋይ መደብ ላይ ብታስቀምጡ ይበቃል። ሌንሱ በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከ1.2 እስከ 1.3 ሜትር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከመሬት ሲነሳ እግር ይረዝማል፣ አገጭም ይጎላል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አንዳችሁ የምትቆሙበት ቦታ ላይ ቁሙ። ሌላው ፍሬሙን ያስተካክልና በስክሪኑ ላይ የቆመውን ሰው ፊት ተጭኖ ይቆይ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ከዚያ 10 ሰከንድ ታይመር አስነስቶ ይሂድ። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ስልኩ ሰው ገና ባልገባበት ፍሬም ላይ የኋላውን ግድግዳ ይይዛል፤ ፊታችሁ ይደበዝዛል፣ ግድግዳው ጥርት ይላል። 3 ሰከንድ ለመድረስ እንጂ ለመረጋጋት አይበቃም። ባለገመድ ማዳመጫ ካላችሁ የድምፅ ቁልፏ በብዙ ስልኮች ላይ ፎቶ ታነሳለች። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ መዳፍ ከፍቶ ሲያሳዩአቸው ያነሳሉ።

መንገደኛ ስትጠይቁም ሥራውን ጨርሳችሁ ስጡት፦ ፍሬሙን እናንተ ምረጡ፣ እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ አሳዩት፣ «እዚሁ ቆመህ ሦስት ጊዜ ብቻ ተጫንልን» በሉት። ከሚያልፈው ሰው ይልቅ ሱቁ በር ላይ የተቀመጠ ነጋዴ ይመረጣል፤ አይቸኩልም፣ ሰፈሩንም ያውቃል።

ሌላ መንገድም አለ፤ እንዲያውም እኛ በጣም የምንወደው እሱን ነው። እሱ እሷን ያንሳት፣ ከዚያ ቦታ ተለዋወጡና የማንሻውን ቦታ ሳትቀይሩ፣ ሳታጠጉ ሳታርቁ፣ እሷ እሱን ታንሳው። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲታተሙ አንድ ሙሉ ሥዕል ይሆናሉ። የባጃጅ የጎን መስታወትም ሁለታችሁንም ከነመንገዱ ይይዛል፤ ፎከሱን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ሳይሆን መስታወቱ ውስጥ ባለው ፊት ላይ አድርጉት።

ስልክ ይበቃል ወይስ ካሜራ እንግዛ?

ለቀን ብርሃንና ለቤት ኑሮ ስልክ ይበቃል። ካሜራ የሚለየው በማታ፣ ቤት ውስጥና በፍጥነት በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው። ከገዛችሁ አንድ 35 ሚሊ ሜትር ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዛችሁ ጀምሩ፤ በጀጎል መተላለፊያ ውስጥ 35ቱ ይመቻል፣ በ50ው ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ቦታ አይኖርም። በስልክ ሲሆን ለፊት 2 እጥፍ የሚለውን ሌንስ ተጠቀሙ። በጣም ሰፊው ሌንስ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሰው ይለጥጠዋል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ደግሞ ሁለቱም ወደ ጠርዝ ይጠጋሉ።

ስንት ሰዓት ላይ እንውጣ?

ጠዋት እስከ 2፡30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10፡30 ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ። በዚህ አካባቢ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ11፡50 እስከ 12፡35 ባለው ትወጣለች፤ የምትጠልቀው ከ11፡45 እስከ 12፡40 ባለው ነው። እኩለ ቀን የሚውለው 6፡00 ገደማ ነው። በተለይ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻና በነሐሴ 20ዎቹ መጀመሪያ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ የአፍንጫ ጥላም ከንፈር ላይ ያርፋል።

ከሐረር በሮች መካከል ኤረር በር በምሥራቅ ስለሆነ የውጭ ገጹን ጠዋት አንሱት፤ ሸዋ በር በምዕራብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ፈላና በር በሰሜን በኩል ስለሆነ በበጋ ወራት የውጭ ገጹ አብዛኛውን ቀን ጥላ ነው፤ ለስላሳ ብርሃን ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥቅም ነው።

እኩለ ቀን ላይ ከመውጣት ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ አንደኛው ግድግዳ ፀሐይ የመታው፣ ሌላኛው ጥላ የሆነ መተላለፊያ ፈልጉ። በጥላው በኩል ቁሙና ፊታችሁን ወደበራው ግድግዳ አዙሩ። በተለይ ነጭ ከሆነ ግድግዳው ብርሃኑን መልሶ ፊታችሁ ላይ በእኩል ያፈስሰዋል። ጀጎል ለዚህ የተመቸ ከተማ ነው፤ በስቱዲዮ በብዙ ብር የሚገኝ ብርሃን እዚያ በየመተላለፊያው አለ።

ባለቀለም ግድግዳ ፊት ቆመን ተነሳን፤ ፊታችን ግን አረንጓዴ ሆነ። ለምን?

ግድግዳው ቀለሙን ስለሚያንጸባርቅ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ግድግዳን ተደግፋችሁ ስትቆሙ ቀለሙ አንገት፣ አገጭና ጉንጭ ላይ ይወጣል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ራቁ፤ አብዛኛው ችግር ይወገዳል።

ሌላው የቀለም ችግር የሚመጣው ከካሜራው ራሱ ነው። ፍሬሙን አንድ ቀለም ሲሞላው ካሜራው «ብርሃኑ ነው የተበላሸው» ብሎ ያርመዋል፤ አረንጓዴውን ለማጥፋት ሲል ቆዳችሁን ያቀላል። የነጭ ሚዛኑን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን) ከአውቶማቲክ አውጡትና ለፀሐይ 5200 ኬልቪን፣ ለጥላ ከ6500 እስከ 7000 ኬልቪን አድርጉት። በስልክ ከሆነ በ«ፕሮ» ሞድ ውስጥ ይገኛል። ነጠላ የለበሰች ካለች ደግሞ ማስተካከያው ቀላል ነው፤ በኋላ በኤዲቲንግ መተግበሪያ ነጭ መምረጫዋን ነጠላው ላይ አድርጉ፣ የቀረው ይስተካከላል። ጥለቱ ላይ ግን አይሆንም።

ነጭ ወይም በኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊት ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ፊት ይጠቁራል። ካሜራው ነጩን ግራጫ ለማድረግ ፎቶውን በሙሉ ያጨልማል። ፊት ላይ ነክታችሁ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (EV) ብርሃኑን በ0.7 ወይም በ1 ጨምሩ። የሁለታችሁ የቆዳ ቀለም በጣም የሚለያይ ከሆነ በጠቆረው ፊት ለኩ፣ ከዚያ 0.3 ቀንሱ፤ ቀላ ያለው ሰውም ለብርሃኑ ቅርብ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይቁም።

ቤቶቹ ቀለም የሚታደሱት በአብዛኛው ለበዓል ስለሆነ ከረመዳንና ከዒድ ሰሞን የተሻለ ቀለም አይገኝም።

ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ጥርት እንላለን። የካሜራው ብልሽት ነው?

አይደለም። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ በ2 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንዳችሁ ትከሻ ወደፊት ካወጣ ሌላው ከዚያ ውጭ ነው። በኤፍ 4 ጥልቀቱ ወደ 38 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ ለሁለት ሰው ኤፍ 4 ይሁን፤ ኤፍ 1.8ን ለብቻ ለሚነሳ ሰው ተዉት። እየተራመዳችሁ ከሆነ ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከ1/250 ሰከንድ አይዘግይ።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ስናነሳ ይጨልማል። ምን እናድርግ?

ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ብርሃን የሚገባው በዋናነት ከግቢው በኩል ባለው በር ነው። ለበሩ ጀርባችሁን ብትሰጡ ጥላ ብቻ ትሆናላችሁ። ፊት ለፊት ብታዩትም ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ መደብ) ላይ ብርሃኑ በጎን በኩል እንዲመታችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ቀዩ መደብና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች የሚያምሩት ያኔ ነው። መነሻ ቁጥር፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ 1/60 ሰከንድ፣ ኤፍ 2.8፣ ሁለታችሁም እኩል ርቀት ላይ ረግታችሁ ተቀምጣችሁ።

ፍላሽ አትጠቀሙ። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሳህኖች ብርሃኑን መልሰው ነጭ ነጥብ ያደርጉታል። መብራት ካለ ደግሞ አስፈቅዳችሁ አጥፉት፤ የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ የፊት አንዱ ወገን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፣ ይህን በኋላ ማስተካከል በጣም አድካሚ ነው። ጫማ ማውለቅ አይረሳ። ቤቱ የሰው መኖሪያ ስለሆነ መኝታ ክፍልና የቤቱን ሴቶች ባለቤቷ ሳትፈቅድ አታንሱ።

ጅብ ሲመገብ ማንሳት እንፈልጋለን።

ምገባው ከግንቡ ውጭ፣ በፈላና በርና በሰንጋ በር በኩል፣ ከመሸ በኋላ 1፡00 ገደማ ላይ ነው። ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት ነው። ካሜራ፦ ኤፍ 1.8 ወይም 2.8፣ 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ ከ3200 እስከ 6400። ስልክ ላይ የሌሊት ሞዱን አጥፉት፤ እሱ ለሰከንዶች ስለሚሰበስብ ጅቡ የጭጋግ ግርፍ ይሆናል።

ፎከሱን ጅቡ ሳይመጣ በተቀመጠው የትዳር አጋር ፊት ላይ ቆልፉ። ጨለማ ውስጥ ራስ-ሰር ፎከስ ሲዋልል ሥጋው ከእንጨቱ ተነጥቆ ያልቃል። ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቃችሁ፣ በጉልበት ከፍታ፣ ተከታታይ ፎቶ አንሱ። የምትይዙት ዓይን የጅቡን ሳይሆን የወዳጃችሁን ይሁን፤ ጅብ ከማንም ሰው ፎቶ ይገኛል፣ የእሷ መደንገጥና መሳቅ ግን ከእናንተ በቀር ማንም ጋ አይገኝም። ፍላሽ ለመጠቀም መጋቢውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌንሱ አጠገብ የሚበራ ፍላሽ የጅቡን ዓይን ሁለት ነጭ መብራት ያደርገዋል።

ድሬዳዋ ላይስ የት እንነሳ?

ከዚራ ቀጥ ባሉ ባለዛፍ መንገዶቿ ትታወቃለች። ነገር ግን በዛፉ ቅጠል መሃል የሚወርደው ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ሙሉ ጥላ እስክታገኙ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሱ። ከተማዋ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ስለሆነች አሮጌው ባቡር ጣቢያ መነሳት አለበት፤ ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ፣ ግቢው እንደ መናፈሻ የሚገባበት አይደለም። የከፊራ ገበያ ጠዋት ሞቅ ይላል። የመጋላ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ደስ ይላል።

ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው ለማንሳት፦ አንዳችሁ ተሳፈሩ፣ ሌላው የመንገድ ዳር ቁሙ፣ ሹተሩን 1/30 ወይም 1/60 ሰከንድ አድርጉና ባጃጁ ከመድረሱ በፊት ጀምራችሁ ካለፈም በኋላ ወገባችሁን እያዞራችሁ ተከተሉት። ሰውየው ይጠራል፣ ከተማው ይፈሳል። ብዙዎች የሚያበላሹት ቁልፉን ሲጫኑ እጃቸውን ስለሚያቆሙ ነው።

የደቻቱን ወንዝ በሚመለከት ማሳሰቢያ አለን። በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ለፎቶ ይስባል። በክረምትና በበልግ ግን በላይኛው ተራራ ደመና ካያችሁ አትግቡ፤ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከላይ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን በሌሊት ወስዷል።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር መንገድ ላይ ምን ይነሳል?

መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከ1200 ሜትር ገደማ ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ደጋው ይወጣል። ከሚኒባስ ስታነሱ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ልታስነኩት እስክትደርሱ አጠጉት እንጂ አታስነኩት፤ ንዝረቱ ይገባል። 1/1000 ሰከንድ አድርጉ። የራሳችሁ መኪና ከሆነ ደንገጎ ጫፍ ላይ ወርዳችሁ ወደ ታች ተመልከቱ፤ በሐሮማያ ሐይቅ ዳርም ቁሙ። አወዳይ ጫት ገበያ ላይ ሰው በችኮላ ሥራ ላይ ነው፤ ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማውጣት ጠብ ያስነሳል፣ ትክክልም አይደለም።

ሙቀትና አቧራ ስልካችንን ይጎዳል?

ይጎዳል። ብዙ ስልኮች የተሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ላለ አየር ነው፤ የድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ቀን ይህን ያልፋል። ስልኩ ሲግል መጀመሪያ ፍላሹን፣ ከዚያ ካሜራውን ይዘጋል። ባጃጁ ፊት መስታወት ሥር አታስቀምጡት። ከጋለ በጥላ አሳርፉት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት፣ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል። ከኤሲ ክፍል ስትወጡም ካሜራውን በታሰረ ፌስታል ይዛችሁ ውጡ፣ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ክፈቱት። አቧራን መጀመሪያ በአየር መንፊያ አስወግዱ፣ ከዚያ ጥረጉ። በደረቁ የተጠረገ አሸዋ ሌንስ ይፍቃል።

ሰዎችን ማንሳት እንችላለን? የተከለከለስ?

ሰውን ጠይቁ፣ እምቢ ካለ አመስግናችሁ እለፉ። በተለይ ገበያ ላይ ያሉ እናቶች ብዙዎቹ መነሳት አይፈልጉም። በሐረር ግድር መጋላ ገበያም ሆነ ማኪና ግርግር (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ) ላይ አንድ ነገር ገዝታችሁ፣ ሰላም ብላችሁ፣ ከዚያ «እናቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳሽ?» ማለት ከሩቅ ሰርቆ ከማንሳት ይሻላል። ማኪና ግርግር ላይ ልብስ ልታሰፉ ከቆማችሁ ሰፊዎቹ ሥራቸው ሲነሳ ቅር አይላቸውም። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሱ።

ወታደር፣ ኬላ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ድልድይና የመንግሥት ጥበቃ ያለበት ቦታ አይነሳም። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አታስነሱ። መስጊድና አዋች (የቅዱሳን መቃብር ቦታ) ላይ በስግደትና በዝክር ሰዓት ካሜራ አይወጣም፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። እጅ ለእጅ መያያዝ አያስነቅፍም፣ በአደባባይ መሳሳም ግን ነዋሪውን ያስቀይማል። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባ ነው፤ ለፎቶ ብላችሁ አትውጡበት።

በበዓል ብንመጣስ?

ለቁልቢ ገብርኤል (ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19) ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ስልክ በደረት ኪስ ይሁን። ሐረር ላይ ሹዋሊድ ከዒድ አል ፊጥር በኋላ ይከበራል። ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ።

እኛ እዚሁ ነዋሪ ነን፤ ጉዞ የለንም። ቤታችን ምን ይነሳል?

ከጉዞው የበለጠ የሚናፈቀው ይህ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የሐረር በር እዚያው ይኖራል፤ የጠዋቱ ፈጢራና ፉል፣ እሱ ሽርጥ ታጥቆ በረንዳ ላይ የሚቀመጥባት ወንበር፣ እሷ በድሪያ ሆና ቡና የምትቆላበት ጥግ፣ አጎበሩ፣ ማራገቢያው፣ ከሰዓት በሙቀቱ ሱቆች ተዘግተው ሰፈሩ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ግን አይኖሩም። ቤት ስትቀይሩ ወጥ ቤቱን ያላነሳ ሰው ይጸጸታል።

አንድን ነገር በሦስት ርቀት አንሱ፦ ከበሩ ሆናችሁ ክፍሉን በሙሉ፣ ከጠረጴዛው ሰውየውን፣ ከዚያ እጁን ብቻ። ቡና ከሆነ ክፍሉ፣ የምትቆላዋ፣ ከዚያ ሲኒው ላይ ያለ ጣት። ጪሱን ለማሳየት መስኮቱ ከጪሱ ኋላ ይሁን፤ ብርሃን ከፊት ሲመታው ጪስ አይታይም። ጠረጴዛውን አታጽዱ፣ «ሳቅ በል» አትበሉ። ሥራውን ይቀጥል፣ እናንተ ጠብቁ።

በወር አንድ ጊዜ፣ በደመወዝ ቀን ለምሳሌ፣ በዚያው ደጃፍ ላይ በታይመር ተነሱ። ስልኩ የሚቀመጥበትን ቦታ በኖራ ወይም በምስማር ምልክት አድርጉ። ለውጡ የሚታየው ቦታው ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው።

ባለቤቴ ፎቶ አይወድም።

አታስገድዱት። ከጀርባ፣ ከእጁ፣ ከጥላው ጀምሩ። ካነሳችሁት ፎቶ ውስጥ የማይወደውን የማስጠፋት መብት ስጡት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሸሸው ካሜራውን ሳይሆን ሳይጠየቅ መለጠፉን ነው።

ፎቶዎቹን እንዴት እናስቀምጥ፣ እንዴትስ እናሳትም?

ከሁሉ በፊት የሁለታችሁን ስልክና የካሜራውን ሰዓት በደቂቃ አስተካክሉ። ካሜራው በኢትዮጵያ ሰዓት 2፡00፣ ስልኩ በአውሮፓ አቆጣጠር 8፡00 ካለ ፎቶዎቹ ሲቀላቀሉ በ6 ሰዓት ይዛነፋሉ፤ ቁርስ ከእኩለ ቀን በኋላ ይመጣል። ፎልደሩን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ሰይሙት፣ ለምሳሌ «2017-05-12 ሐረር»። ዓመቱ ከፊት ካልሆነ ኮምፒውተሩ በትክክል አይደረድረውም። በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር አንዱን መርጣችሁ አትቀያይሩ።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ጋ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ሲታተምም ይሸራረፋል።

ለማሳተም 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነው 1200 በ1800 ፒክስል፣ ለ20 በ30 ደግሞ 2400 በ3600 ፒክስል ያስፈልጋል። የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ስለሆነ በአግድም የተነሳው 10 በ15 ሲታተም ከላይና ከታች ይቆረጣል፤ ስታነሱ ከአናት በላይ ቦታ ተዉ። ከጀርባው ቦታውንና ቀኑን በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ፎቶው ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ቀለሙም ወደሚቀጥለው ፎቶ ይዛመታል።

ኢንተርኔት ላይ ብንለጥፍስ?

ሁለታችሁም የተስማማችሁበትን ብቻ። የቤታችሁን በርና የሰፈር ምልክት የያዘውን እዚያው ሳላችሁ አትለጥፉ፤ የቦታ መለያውንም በስልኩ ካሜራ ማስተካከያ ውስጥ አጥፉት። ፎቶ ላንሳሽ ብላችሁ የፈቀደችላችሁ እናት መነሳትን እንጂ መለጠፍን አልፈቀደችም፤ ለብቻው ጠይቁ። አድራሻዋን ካገኛችሁ ደግሞ አንድ አሳትማችሁ በሚቀጥለው ጉዞ ይዛችሁላት ሂዱ።